የአጫሹ ፈቃድና የጎረቤቱ እስትንፋስ

ነጻነት የሚለው ቃል በሰፊ ሜዳ ላይ ሲነገር ቀላል ነው። ሰው በገዛ አካሉ፣ በገዛ ገንዘቡና በገዛ ጊዜው የወደደውን ቢያደርግ ማን ሊከለክለው ይችላል የሚለው ጥያቄ መላሹን ብዙ አያደክመውም። ጥያቄው የሚከብደው ሜዳው ሲጠብና አልጋ ከአልጋ ሲጠጋ ነው። በርካታ ሕሙማን በአንድ ጣራ ሥር በተኙበት የሆስፒታል ክፍል ውስጥ የአንዱ ፈቃድ የሌላው ዕጣ ይሆናል፤ አንዱ የተነፈሰውን ሌላው ይስበዋል። በሆስፒታል ትንባሆ ማጨስን የሚከለክለው ሕግ ከታካሚው የመምረጥ መብት ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ክልከላ ዛሬ ለየሆስፒታሉ አስተዳዳሪ በጎ ፈቃድ የተተወ ጉዳይ አይደለም። አገሪቱ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 822 ተቀብላለች። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112ን አጸደቀ። በዚህ ዐዋጅ መሠረት በማናቸውም ዝግ የሆነ የሕዝብ መገልገያና የሥራ ቦታ፣ እንዲሁም በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር መራቅ ግድ ነው። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ አይሸጥም፤ ሲጋራም በነጠላ ተቆጥሮ አይቸረቸርም። በጤና ተቋማትና በትምህርት ቤቶች ላይ ግን ሕጉ ከዚህም ያለፈ ነው። ክልከላው በጣራው ሥር ብቻ ሳይወሰን እስከ አጥሩ ድረስ ይዘልቃል። መጠጥ ቤት ውስጥ ያለ አጫሽ ከበሩ 10 ሜትር ርቆ ሊያጨስ ይችላል፤ በሆስፒታል ያለው ሕመምተኛ ግን ከአጥሩ መውጣት አለበት። እግሩ የተሰበረ ሰው ደግሞ ከአጥር አይወጣም።

ጉዳዩ በወላይታ ሲታይ የራሱ መልክ አለው። በዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠችው ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ የዙሪያው ሕሙማን ግን ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ወደ እርስዋ ይጎርፉ ነበር። ከቦሎሶ ሶሬ፣ ከኪንዶ ኮይሻ፣ ከሁምቦ፣ ከዳሞት ወይዴ በቃሬዛም በመኪናም ይመጣሉ። በገጠሩ ቀዬ ትንባሆ ከሱቅ ብቻ የሚገኝ ባዕድ ነገር አይደለም። ቤቱን ከከበበው እንሰት አጠገብ፣ ፍግ በጠገበው የጓሮ አፈር ላይ የሚበቅል ተክል ነው። ቅጠሉ ደርቆ በጋያ ይሳባል፤ ጋያውም ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጎረቤት ተጠራርቶ የተፈላውን የቡና ቅጠል በሚጠጣበት ሰዓት ጋያ ይዞ የሚቀመጥ ሽማግሌ በማንም ላይ ያመፀ ሰው ሆኖ አይታይም። ለእርሱ ጭሱ ከወሬው፣ ከሽምግልናው፣ በአጠቃላይ ከዕድሜው ጋር የተገመደ ነገር ነው።

በዚሁ በወላይታ ምድር ግን ሌላ ታሪክ አለ። የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሶዶ መጡ። በእነርሱ እጅ የተጀመረውና ሕዝቡ ኦቶና እያለ የሚጠራው ሆስፒታል ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሆኖ ያገለግላል። ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ምክንያት አገሩን ለቀው ሲወጡ የተዉት ጥቂት ምእመን በእነዚያ ዓመታት እጅግ በዝቶ ተገኘ። ለዚያ ምእመን መጠጥና ትንባሆ መተው የአዲስ ሕይወት ምልክት ነበር። አማኙ በአደባባይ የሚታወቀው በሚያደርገው ብቻ ሳይሆን በማያደርገውም ጭምር ነውና ጋያውን የጣለ ሰው አሮጌውን ኑሮውን እንደጣለ ይቆጠራል። እንግዲህ ሕክምናውና የትንባሆው ውግዘት ወደ ሶዶ የገቡት በአንድ በር ነው ማለት ይቻላል።

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍልም ትንባሆ ከእምነት ጋር የተያያዘ የቆየ ክስ አለበት። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚያነሣውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበረ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ቅጣት ውስጥ ስለ ጎረቤት ሳንባ አንዳች ሐሳብ አልነበረም። ሰውየው ብቻውን በጫካ ውስጥ ቢያጨስም ጥፋተኛ ነበር፤ ምክንያቱም የሚቀጣው በጭሱ ሳይሆን በማንነቱ ነው።

በሆስፒታሉ በር ላይ የተሰቀለው «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ የሚነበበው ይህን ሁሉ በሰማ ሕዝብ ዓይን ነው። ሕግ አውጪው ጽሑፉን የጻፈው አየሩን ለመጠበቅ ነው። ከኪንዶ ኮይሻ የመጣው ሽማግሌ ግን ፍርድ አድርጎ ያነበዋል፤ «አንተ ኃጢአተኛ፣ አንተ ኋላ ቀር» የሚለውን ነቀፌታ ከፊደሉ ጀርባ ይሰማል። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ክልከላውን የሚነግረውም ሰው በዚያው ድምፅ መናገሩ ነው። ሁለቱ ክልከላዎች በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው። አንደኛው ሰውየውን ሊለውጠው ይፈልጋል። ሁለተኛው ከሰውየው የሚፈልገው የጎረቤቱን እስትንፋስ እንዲተውለት ብቻ ነው።

የመምረጥ መብትን የሚያነሣው ወገን ሊናቅ አይገባውም። ክርክሩ በጠንካራ መልኩ ሲቀርብ የሚከተለው ነው። ሐኪም ታካሚውን ሳያስፈቅድ በቢላ አይነካውም። በሽታው የሚገድል፣ ቢላው የሚያድን ቢሆንም እንኳ ልቡናው የተስተካከለ ጎልማሳ «አልፈልግም» ካለ ቃሉ ይከበራል። ሕይወቱን የሚያድነውን ነገር እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው፣ ዕድሜውን በጥቂቱ የሚያሳጥርበትን ጋያ የመያዝ መብት እንዴት ያጣል? ደግሞስ ወደ ሆስፒታል የመጣው ወድዶ ነውን? በሽታ አስገድዶ ያመጣውን ሰው ከአርባ ዓመት ልማዱ በአንድ ቀን ቁረጥ ማለት በሕመሙ ላይ ሌላ ሕመም መጨመር አይሆንምን?

መልሱ የሚገኘው በራሱ በክርክሩ ውስጥ ነው። ቢላውን እምቢ ያለ ሰው እምቢታው በገዛ አካሉ ላይ ተጀምሮ በገዛ አካሉ ላይ ያበቃል። በአጠገቡ የተኛችው የአስም ሕመምተኛ በእርሱ እምቢታ ምክንያት ትንፋሽ አያጥራትም። ጭስ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ አልጋ አይለይም። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል፤ ልቡ የደከመው፣ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን፣ ቁስሉ ሊድን ኦክሲጅን የሚጠብቀው ሁሉ ከዚህ ድርሻቸውን ይቀበላሉ። የኦክሲጅን ሲሊንደር ባለበት ክፍል ውስጥ እሳት መለኮስ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ማብራሪያ አያሻውም። አጫሹ ወድዶ አልመጣም ከተባለ ጎረቤቱም ወድዶ አልመጣም፤ ደግሞም ከአጠገቡ የሚተኛውን ሰው አልመረጠም። አስታማሚዋም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም፤ እናት፣ እኅት ወይም ሚስት ምግብ ይዛ፣ ወለል ላይ አንጥፋ አብራው ታድራለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሁሉም ሰው የሰጠው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይበልጥ የሚያስፈልገው አየሩን ጥሎ መሄድ ለማይችል ሰው ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ነጻነት በሚናገረው መጽሐፉ ኅብረተሰብ ግለሰብን ሊያስገድድ የሚችለው በሌሎች ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ሲል ብቻ ነው፣ የራሱ የግለሰቡ ጥቅም በቂ ምክንያት አይሆንም ብሎ ይከራከራል። በዚህ ሚዛን የሆስፒታሉ ክፍል ክልከላ ያለ ችግር ያልፋል። ነገር ግን ያው ሚዛን ክልከላውን ለሚያስፈጽመው ሰውም ልጓም ያበጃል፤ ጭሱን ለመከልከል የተሰጠው ሥልጣን አጫሹን ለመስበክ፣ ለማሳፈር ወይም ለመቅጣት አልተሰጠውም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በዝግ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስ ሲከለከል ለአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች የአንድ ዓመት ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ጊዜው ሲያበቃ በከፍተኛ ጥበቃ የሚያዙ ሕሙማን የሚታከሙበት የራምፕተን ሆስፒታል ታካሚዎች ከሰሱ። እንደ ልባችን ስለማንወጣ ሆስፒታሉ ቤታችን ነው፤ ሰው በቤቱ ማጨስ ከተፈቀደለት ለእኛም ይፈቀድ የሚል ነበር ክርክራቸው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 አልተቀበላቸውም፤ ሆስፒታል የሕዝብ ተቋም እንጂ በግል ቤት ያለውን ነጻነት የሚሰጥ ስፍራ አይደለም አለ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ግን በሐሳብ ተለየ። በስኮትላንድ ደግሞ በስቴት ሆስፒታል የተያዘ አንድ ታካሚ ያቀረበው ክስ እ.ኤ.አ. በ2017 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተወሰነ። ማጨስን መከልከሉ ራሱ ሕግ አልጣሰም፤ ነገር ግን ትንባሆ መያዝን መከልከሉ፣ ታካሚውን መፈተሹና ንብረቱን መውሰዱ የአእምሮ ሕክምና ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይከተል የተደረገ ስለነበረ ሕገወጥ ነው ተባለ። ፍርዱ ማንንም ወደ ማጨስ አልመለሰም። ያረጋገጠው ነገር አየርን መጠበቅ አንድ ጉዳይ፣ የሰውን ኪስ መበርበር ሌላ ጉዳይ መሆኑን ነው።

ሶዶ ላይ ታካሚ በሰንሰለት አይያዝም፤ በሩም አይቆለፍበትም። ሆኖም ጉሉኮስ የተተከለለት ሽማግሌም፣ በእግሩ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበት ጎልማሳም ቁልፍ ከያዘው ሰው በምን ይለያሉ? ሥጋቸው ራሱ ዘበኛ ሆኖባቸዋል።

አንዳንድ ወገን በዚህ ላይ የሚያነሣው ሐሳብ አለ። አጫሽ በሱስ የተያዘ ስለሆነ ምርጫ የለውም፣ ምርጫ የሌለውን ሰው ምርጫ ማክበር ደግሞ ከንቱ ነው ይላል። በእርግጥ ኒኮቲን የተለመደው ሰው ሲያጣው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይቁነጠነጣል፣ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ሁኔታው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ሳምንታትም ይቆያል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «መርጦ ነው የሚያጨሰው» ማለት ከእውነት የራቀ ነው። ሚል ራሱ ሰው በነጻነት ስም ራሱን ለባርነት ሊሸጥ አይችልም ብሏል። ይህ ሐሳብ ግን ሁለት ስለት አለው። ዛሬ ስለ ጋያው «ፈቃዱ የራሱ አይደለም» የተባለ ሰው ነገ ስለ ምግቡ፣ ከነገ ወዲያ ስለ መድኃኒቱ፣ በመጨረሻም ስለ ሁሉ ነገሩ ያው ሊባል ይችላል። ድኻና ያልተማረ ሲሆን ደግሞ የሚባለው ቶሎ ነው። ሱስ ፈቃድን ያጎብጣል እንጂ አያጠፋም። ከሱስ ክርክር በትክክል የሚወጣው መደምደሚያም ሌላ ነው፤ ማጣቱ ሕመም ከሆነ ሕመሙ ይታከም የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 የኒኮቲን ማስቲካንና በቆዳ ላይ የሚለጠፈውን ኒኮቲን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አግብቷቸዋል። ጭስ ከልክሎ መደርደሪያውን ባዶ ያስቀመጠ ሆስፒታል ከሕጉ ግማሹን ብቻ ፈጽሟል፤ የፈጸመውም ለእርሱ ቀላል የሆነውን ግማሽ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከ100 አዋቂዎች ትንባሆ የሚጠቀሙት 5ቱ ብቻ ናቸው፤ ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ። ይህ ቁጥር የሚያስደስት ነው። ነገር ግን 95ቱ የማያደርጉትን ነገር በ5ቱ ላይ ሲከለክሉ ከኪሳቸው የሚወጣ ምንም ነገር የለም። ያልከፈሉበት በጎነት ደግሞ ርኅራኄ ያጥረዋል። መንግሥትም ቢሆን እጁ ፈጽሞ ንጹሕ አልነበረም። የትንባሆ ንግድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በሞኖፖል ተይዞ፣ ኒያላና ግስላ በየኪዮስኩ ሲሸጡ ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ሲያስገቡ ኖረዋል። ከብሔራዊ የትንባሆ ድርጅት ላይ 40 በመቶው ድርሻ ለጃፓን ኩባንያ በ510 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው በዚያው ጥናቱ በተደረገበት ዓመት ነው። ሲጋራውን ሸጦ ገቢ ያገኘ ሥርዓት አጫሹ ታምሞ ሲመጣ የዕዳው ተካፋይ መሆን ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በክፍሉና በግቢው መካከል ያለው ርቀት ነው። በክፍሉ ውስጥ ማጨስ መከልከሉ ከጎረቤት እስትንፋስ የሚነሣ ስለሆነ ክርክር የለበትም። ከማናቸውም መስኮት ርቆ በግቢው ዛፍ ሥር ማጨስ መከልከሉ ግን በዚሁ ምክንያት ብቻ ሊቆም አይችልም፤ እዚያ የሚጎዳ ጎረቤት የለምና። ሕጉ እስከ አጥር የዘለቀበት ምክንያት ሌላ ነው። አንድ ጥግ ከተፈቀደ ጥጉ ወደ በረንዳ፣ በረንዳው ወደ ኮሪደር ይጠጋል። ሐኪምና ነርስ የሚማሩበት ግቢም ለሚያየው ሁሉ ምሳሌ ነው። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ሆኖም ከሰው ሕይወት ያነሡ፣ ከሥርዓት ማስከበር የሚወለዱ ምክንያቶች መሆናቸውን መካድ አይገባም። ምሳሌ ሆኖ የሚቆመው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ጋዋን የለበሰው ነው። ሠራተኛው ከኩሽናው ጀርባ ሲጋራውን ለኩሶ፣ የሽማግሌውን ጋያ ከትራስ ሥር የሚቀማ ከሆነ ክልከላው ምሳሌነቱን በዚያው ሰዓት አጥቶታል።

በዚህ ርቀት መካከል አንድ ሰው ይታሰብ፤ በሽታው የማይድን መሆኑን ሐኪሞች የተናገሩለት፣ ዘመኑ በሳምንት የሚቆጠር ሽማግሌ። ትንባሆን ስለ መተው የሚሰጠው ምክር በእርሱ ዘንድ ትርጉም የለውም። ቁስሉ ይድናል፣ ሳንባው ያገግማል ሊባል አይችልም። የሚለምነው በጓሮው ከበቀለው ቅጠል አንድ ጊዜ ስቦ መሞት ነው። ልጆቹ የአባታቸውን ቃል ለመፈጸም ከአጥሩ ውጭ ተሸክመውት ይውጡን? ወይስ ከነጭራሹ ወደ ቤት ወስደውት የሕመም ማስታገሻው ይቅርበት? ሕጉ ለእንዲህ ያለው ሰው የተለየ በር አላበጀም፤ ሊያበጅም ይቸግረዋል፤ ምክንያቱም «ለሚሞተው ይፈቀድ» የሚል ጽሑፍ በዎርድ በር ላይ ሊሰቀል አይችልም። በክፍሉ ውስጥ ሊፈቀድለት እንደማይገባ ግልጽ ነው፤ በአጠገቡ ለመዳን የሚታገል ሌላ ሰው አለ። ነገር ግን ሕግ የማያበጀውን በር ሰው ያበጃል። ቃሬዛውን ወደ ውጭው በር ለመግፋት የሚረዳ ጥበቃ፣ ሲመለስ «የት ነበርክ» ሳይል የሚቀበለው ነርስ፣ የማስታገሻውን ሰዓት ከዚያ ጋር የሚያስማማ ሐኪም ዐዋጁን አንድ ፊደል አይጥሱም። እንዲህ ያለው ነገር በደንብ ሊጻፍ ስለማይችል ክፍተት ነው የሚል ይኖራል። ይሁንና የሙያ ኅሊና የሚባለው ነገር ቦታ ካለው ቦታው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ከዚህ በመለስ ያለው ሥራ እጅግ ተራ ነው፤ ተራ በመሆኑም ይዘነጋል። ሕመምተኛው አልጋ በሚይዝበት ቀን ስሙ፣ ዕድሜውና ቀበሌው ይጻፋል፤ የሚወስደው መድኃኒት ይጠየቃል። ከዚያው ጋር፣ በወላይትኛና ያለ ቁጣ፣ «አባቴ፣ ጋያ ይስባሉ? መጨረሻ የሳቡት መቼ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ለጨዋነት ያህል ብቻ የሚቀርብ አይደለም። የትንባሆ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ለአስም የሚሰጠው ቴዎፊሊንና ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎዛፒን ከእነዚህ ናቸው። ሰውየው በሆስፒታሉ ክልከላ ምክንያት በድንገት ማጨሱን ሲያቆም፣ ትናንት ልክ የነበረው መጠን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከልክ ሊያልፍበት ይችላል። ስለዚህ መልሱ ከመድኃኒቱ ዝርዝር ጎን በሐኪሙ ዓይን ፊት ይጻፋል፤ ሽማግሌውም ጋያቸውን ለልጃቸው ሰጥተው ወደ ቤት ከመላካቸው በፊት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ምን እንደሚሰማቸው፣ ሌሊት ሲጨንቃቸው ማንን መጥራት እንዳለባቸው ይነገራቸዋል።